ሰባት የሴት ስምና አንድ ኩራዝ

ቁስለኛው ወታደር ዋሴ ከኮረም ወዲህ የጨው ነጋዴ በቅሎ ተከትሎ ሲያነክስ ነበር። እንግዲህ ደረሰ። ሁለት ቀን ሙሉ ከፊቱ የበቅሎ ቂጥ፣ ከኋላው አቧራ፣ ከጎኑ ደግሞ አንዲት ዘፈን ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ። ሰቆጣ ሲገባ ፀሐይ አናት ላይ ልትወጣ ትንሽ ነው የቀራት። ግራ እግሩ ውስጥ የጅግጅጋ ብረት አለ፤ ሐኪሙ «ይሄን ካወጣሁት እግሩም አብሮ ይወጣል» ብሎ የተወለት። ደረት ኪሱ ውስጥ የስንብት ወረቀት አለ። ሆዱ ውስጥ ከቆሎ በቀር ምንም የለ።

ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ ፊቱን ይታጠባል። ሌላ ሰው ቢሆን ዘመድ ቤት ገብቶ፣ እግሩን ሰቅሎ፣ «ማን ሞተ፣ ማን ወለደ» ብሎ ይጠይቃል። ዋሴ ግን ማን ልትወልድ እንደነበር ያውቃል፤ ሆስፒታል ተኝቶ ወሩን በጣቱ ሲቆጥር ነው የከረመው። እንደ አቧራው፣ እንደ ላቡ፣ ምርኩዙን እያንኳኳ በቀጥታ ወደ አማቱ ወደ ሐጂ ዑስማን በር።

በሩ አጠገብ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ጠቅልለው፣ በሬያቸውን እንደተቀሙ ሰው አኩርፈው ተቀምጠዋል። አባቱ ናቸው፤ አቶ ገብረ አማኑኤል፣ የፃግብጂው ገበሬ።

አዩት። አላወቁትም። ደግሞ አዩት። ከዚያ ብድግ አሉና በያዙት ጭራ ሁለቴ ትከሻውን ገረፉት፤ በሦስተኛው ክንዳቸው ከዳቸውና አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ።

«አምስት ወር! አንዲት ወረቀት አጥተህ ነው?»

«ሆስፒታል ነበርኩ አባ።»

«ሞቷል ብለውኝ ተዝካርህን ላወጣ ነበር'ኮ! ጠላው ሁሉ ተጠንስሷል!»

«ጠላው ካለ ጥሩ ነው። እጠጣዋለሁ።»

ሽማግሌው በእንባቸው መሀል ሳቁ። ወዲያው ማኩረፋቸው ትዝ አላቸውና ተመልሰው ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ።

«እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«የልጅ ልጄን ስም እየጠበቅሁ ነዋ። ዛሬ ሰባተኛ ቀኗ ነው። እዚያ ውስጥ ስም ሊያወጡላት ነው።»

ዋሴ ምርኩዙን ጠበቅ አደረገ። «ልጅቱ... ሴት ናት?»

«ሴት ናት። አፍንጫዋ ያንተ ነው አሉ፤ ምን ይደረግ።»

«ታዲያ ለምን ውጭ ተቀመጡ?»

«በግ አርደዋል። የእስላም ሥጋ ባለበት ግብዣ ገብቼ ምን ልሁን? እዚሁ ሆኜ ነው የምጠብቃቸው።»

«ከአጥር ውጭ ሆኖ ስም ይጠበቃል?»

«ድምፄ ይገባል!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኑሪያ ዑስማን ሊሏት ነው። ሰማህ? ኑሪያ ዑስማን! አንተ የለህበትም፣ እኔ የለሁበትም። ሐጂ 'አባቷ ጠፍቷል፣ በኔ ስም ትጻፋለች' ብሎ የቀበሌውን ሊቀመንበር ከነመዝገቡ ጠርቶታል። አንዴ ቀለም ከነካት ማን ያወጣታል?»

«ዓሲያስ? ዓሲያ ምን አለች?»

ሽማግሌው ጭራቸውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አሉት። ዝንብ ግን አልነበረም። «እሷማ አፏን ከዘጋች ቆየች። ያ ወረቀትህ ነው የዘጋት።»

«የቱ ወረቀት?»

«የሴቶቹ።»

«የምን ሴቶች?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ሰባት ሴት ቆጥረህ ጽፈህ ልከህ! ወንድሟ አነበበው፣ ገበያው ሁሉ ሰማው። እኔማ አፈርኩ። ባይሆን ሁለት አይበቃውም ወይ አልኩ።»

ዋሴ መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ ጉሮሮው ላይ ሳለ ነገሩ ገባው። እግሩ ውስጥ ያለው ብረት ተነቅሎ ደረቱ ላይ የተሰካ መሰለው።

*

ነገሩ ከመነሻው እንዲህ ነው። ዋሴ ሰቆጣ የሚመጣው ማር ሊሸጥ ነበር። ሐጂ ዑስማን ጨርቅ ይሸጣሉ። ማርና ጨርቅ ምን አገናኛቸው? ምንም። ዋሴ ግን ማሩን በሸጠ ቁጥር አንድ ክንድ አቡጀዲ ይገዛል። በአራት ወር ውስጥ ዘመዱን ሁሉ የሚገንዝ አቡጀዲ ሰበሰበ።

የምትቆርጥለት ዓሲያ ነበረች፣ የሐጂ ልጅ። መቀሱ ትልቅ ነው፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ። ስትቆርጥ አንድ ቃል አትናገርም፤ ግን በክንዷ ስትለካ ሁልጊዜ አንድ ስንዝር ትጨምርለታለች። ዋሴ ያችን ስንዝር ነው መጀመሪያ የወደዳት። ቤት ወስዶ ይለካል፤ አለች። በሚቀጥለው ገበያ ይለካል፤ አለች።

ሱቁ ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ሰው ጨርቅ ሲመርጥ ዓሲያ ጣቃውን ተሸክማ ወደ በሩ ትወጣና «ቀለሙን በብርሃን እይ» ትላለች። አባቷ ናቸው ያስተማሯት። አንድ ቀን ለዋሴም አወጣችለት። አቡጀዲ ነጭ ነው፣ ምን ቀለም አለው? ቢሆንም ወጡ። ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው ነጭ ጨርቅ ሲያዩ፣ ሲያዩ፣ ሲያዩ...

«ምን ልትሠራበት ነው ይሄ ሁሉ?» አለችው።

«ድንኳን።»

«የምን ድንኳን?»

«የሠርግሽ።»

የእግሯ አውራ ጣት ቀና አለች። ዋሴ ይቺን ጣት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃታል፤ ባንኮኒው ከሥር ክፍት ነው፣ ፊቷን እንዳያይ ደግሞ አባቷ አሉ። ዓሲያ ልቧ ሲነካ ያች ጣት ቀድማ ትነሳለች። አፏ ሊዋሽ ይችላል። ጣቷ አታውቅበትም።

እሱ ክርስቲያን፣ እሷ እስላም። እሱ ገበሬ፣ እሷ የነጋዴ ልጅ። ሁለቱ አባቶች በሕይወታቸው ተገናኝተው አያውቁም፤ ግን በአንድ ሳምንት አንድ ቃል ተናገሩ፤ «እኔ በቁሜ!» አሉ። ከዚያ የእናት አገር ጥሪ መጣና ዋሴን ወደ ምሥራቅ ወሰደው። ጥር 1971 ላይ የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ጨው ነጋዴ ምስክር አቁመው ሰማንያ ተፈራረሙ፤ እሱ በጣቱ፣ እሷም በጣቷ። አቡጀዲውን ሁሉ ትቶላት ሄደ። በሄደ ማግስት ሐጂ ልጃቸውን ወደ ቤታቸው መለሷት።

ሚያዝያ ላይ ጦር ሰፈር ደብዳቤ ደረሰው። ገበያ ጸሐፊ ጋ ሄዳ ያስጻፈችው ነው። «ማሳው ላይ የተዘራው በቅሏል። ደህና ነው» ይላል። ዓሲያ ማሳ የላትም። ዋሴ ያነበበለትን ሰው ግንባሩን ሳመው።

እንግዲህ በነሱ አገር ሆድ ውስጥ ላለ ልጅ ስም አይወጣለትም። ልብስ አይሰፋለትም። «ልጁ» ተብሎም አይጠራም። ስሙን ከጠራኸው የሚሰማህ ሰው ብቻ አይደለም ይባላል። ዋሴ ግን ስም መፈለግ ጀመረ፣ ምን ያድርግ! ከሁሉም አገር የመጣ ሰው እዚያ ሰፈር አለ። ያገኘውን ሁሉ ይይዝና «በናንተ አገር ብርሃንን ሴት ልጅ አድርጋችሁ ስትጠሯት ምን ትሏታላችሁ?» ይላል። ያ የሱቅ በር፣ ያ ነጭ ጨርቅ ከልቡ አልወጣለትማ።

ፊደል የቆጠረው እዚያው ነው። ሙሉ ነገር መጻፍ አይችልም፤ ስም ግን ይጽፋል። ሰባቱን ስም በገዛ እጁ ጻፈ፣ እያንዳንዱ ፊደል የበቅሎ ያህል። የምን ስም እንደሆነ እንዳይገልጽ ነውር ነው። እንዳይተወው ደግሞ እንዴት ትወቅ? ቢጨንቀው ከሥር ኩራዝ ሳለበትና ላከው። ዓሲያ ታውቃለች አለ። «በቅሏል» ያለች ሴት ኩራዝ ይጠፋታል?

አሁን በሩ ላይ ቆሞ ያንን ኩራዝ አሰበው። ሥዕል ተምሮ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ሥዕል አለመቻሉ አስፈራው።

*

ሲገባ ግቢው ሁሉ ወደሱ ዞረ። ምንጣፍ ላይ አሥር የሚሆኑ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የበጉ ቆዳ አጥር ላይ ተሰጥቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር ምንዋጋው መዝገቡን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቷል። ሐጂ ዑስማን መሀል ላይ ናቸው፤ መነጽራቸው አንድ ጆሮው ተሰብሮ በክር የታሰረ። የአራስ ቤቱ በር ላይ መጋረጃ አለ። መጋረጃው መሬት አይነካም። ከሥሩ ሁለት እግር ይታያል።

ዋሴ ሌላውን ሁሉ ረሳ። ጣቷ ቀና ብላለች።

«ጂኒ ነው ወይስ ሰው?» አሉ ሐጂ።

«ሰው ነኝ ሐጂ። ትንሽ ጎድያለሁ እንጂ።»

«ከሰው በላይ ነህ እንጂ! ሰባት ሴት የሚያስተዳድር ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ አንዷን ይኸው ሠላሳ ዓመት አቅቶኛል።»

«ያረቢ!» አሉ ሚስታቸው እትዬ ሐሊሜ ከበሩ አጠገብ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ዋሴም ሳቀ፤ ያ ነው ሐጂን ያናደዳቸው።

«ሰላሕ! ወረቀቱን አምጣው!»

ሰላሕ የዓሲያ ወንድም ነው። አራተኛ ክፍል ደርሷል፣ ደርሶም አላበቃ፤ ማንበብ ሲጀምር ጉሮሮውን እንደ ሬድዮ ይጠርጋል። ወረቀቱን ከመጋረጃው ሥር የወጣች እጅ ሰጠችው። ዋሴ አየው፤ ታጥፎ ታጥፎ ጨርቅ ሆኗል። የሚጠሉትን ወረቀት እንዲህ አያጥፉትም አለ በልቡ።

«አንደኛ፣ ሉስ!» አለ ሰላሕ። «ሉስ ማን ናት?»

«የኩባው ሹፌር እናት ናት። ውሃ ቦቴ ነው የሚነዳው። በነሱ አፍ ብርሃን ማለት ነው።»

ሰላሕ ቀና ብሎ አየው። «ስቬትላና?»

«የሩሲያው ታንክ መካኒክ ልጅ። ፎቶዋን ሸሚዙ ውስጥ ይዞ ይዞራል። ስድስት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርስ የላትም። እሱም ብርሃን ነው።»

«ፎቲኒ?»

«ድሬዳዋ ዳቦ የሚጋግሩ ግሪክ ናቸው። ሰባ ዓመታቸው ነው።»

«ሰባ!» አለ አንድ ሽማግሌ። «በርታ አንተ!»

«ወጋሕታ?»

«የእንደርታ ጓደኛዬ ነው የሰጠኝ። ጎህ ሲቀድ ማለት ነው።»

«ሙኒራ?»

«እሷ እንኳን እውነተኛ ሴት ናት» አለ ዋሴ። መጋረጃው ተነቃነቀ። «ሐረር ሾርባ ትሸጣለች። ባሏ አጠገቧ ቆሞ ነው የነገረችኝ። ባሏ ሥጋ ቆራጭ ነው። ቢላ ይዞ ነበር።»

ዱዓ ሊያደርጉ የተጠሩት ሼህ ጺማቸውን እየዳሰሱ «ሙኒራ፣ የምታበራ» አሉ። «እውነቱን ነው።»

«ኢፍቲን?»

ዋሴ ምርኩዙን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «የምርኮኛ ልጅ ናት» አለ።

ምንዋጋው ብዕሩን ከጆሮው አወረደ። «የምን ምርኮኛ? የጠላት?»

«የሶማሌ። እኔ ነበርኩ የምጠብቀው። እጁ ታስሯል፣ እኔ መሣሪያ ይዣለሁ፣ ሁለታችንም ጥላ የለንም። ልጅ አለችኝ፣ ኢፍቲን ትባላለች፣ ብርሃን ማለት ነው አለኝ። ውሃዬን አካፈልኩት። ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄንንም መጻፍ ካማረህ ጻፈው። የአባቴን ስም ልንገርህ?»

ምንዋጋው ብዕሩን መልሶ ጆሮው ላይ ሰካው።

«ኢፍቱ» አለ ሰላሕ። አሁን ጉሮሮውን አልጠረገም።

«ድሪባ የሚባል የነቀምት ልጅ ነበር፣ አብሮኝ የሚተኛ። ኢፍቱ ልጁ ናት። በነሱም ብርሃን ነው። ያ ምርኮኛ የልጁን ስም ሲናገር ድሪባ ሰማና ሳቀ፤ ኢፍቱ፣ ኢፍቲን! እህትማማች አይመስሉም? ሁለቱ እየተሳሳቁ ልጆቻቸውን አወሩ። አንዱ የታሰረ፣ አንዱ ያሰረ። ወረቀቱን በላክሁ በሁለተኛው ሳምንት ፈንጂ ረገጥን። ለሱ ሙሉው፣ ለኔ ፍንጣሪው ደረሰን። ልጁን አንድ ቀን አላያትም ነበር።» ዋሴ ሐጂን ቀና ብሎ አያቸው። «ለምን የሴት ስም ብቻ ሰበሰብክ ቢሉኝ፣ ወንድ ልጅማ ይወስዱታል። እዚያ ያየሁት ሁሉ ወንድ ልጅ ነው። ሴት እንድትሆን ነበር የተመኘሁት። ያልገለጽሁት በሆድ ላለ ስም አይወጣም ብዬ ነው። እርስዎም ያውቁታል።»

እትዬ ሐሊሜ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ያዙ። «እውነቱን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰላሕን እስክወልድ እኔስ መጠቅለያ አዘጋጅቼ ነበር?»

ያኔ ከመጋረጃው ኋላ ድምፅ መጣ። ዋሴ ዘጠኝ ወር ያልሰማው።

«ወረቀቱ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«የአረቄ ጠርሙስ ነው አልኩሽ'ኮ» አለ ሰላሕ።

«አንተን አልጠየቅሁም።»

ዋሴ ወደ መጋረጃው ጠጋ አለ። «ኩራዝ ነው።»

«ከላይ የተጠማዘዘውስ?»

«ጭሱ ነው። ትንሽ... በዛብኝ።»

«አየህ ሰላሕ!» አለች ዓሲያ። «ጭስ ነው አላልኩህም? አምስት ወር ሙሉ 'የሰካራም እጅ ነው' ትለኛለህ! አምስት ወር!» አላለቀሰችም፤ ቁጣዋን ወደ ዋሴ አዞረች። «አንተስ! መሠረተ ትምህርት ለምን የገባሁ ይመስልሃል? ሆዴን ተሸክሜ ከባልቴቶች መሀል ሀ ሁ ያልኩት፣ ምናልባት ሰላሕ ዘሎት ያላነበበው ቃል ይኖራል ብዬ ነው። አልነበረም! ሰባት ስምና ኩራዝ! ፊደል ካወቅሁ በኋላ ይበልጥ ጠላሁህ!»

«ዓሲያ፣ በሆድ ያለ —»

«አውቃለሁ! 'በቅሏል' ብዬ የጻፍሁልህ እኔ አይደለሁም? ገብቶኝ ነበር። ግን ካፍህ ልስማው ብዬ ነው አፌን የዘጋሁት። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።»

ዋሴን ቀልድ ሁሉ ጥሎት ሄደ። ያችን ጣት ብቻ አያት፤ ቀስ ብላ መሬት ስትነካ።

*

ሐጂ ዑስማን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አሰሩ።

«መልካም» አሉ። «ሴሰኛ አይደለህም። ክርስቲያንነትህስ?»

«እሱ እንዳለ ነው ሐጂ።»

«እንግዲያው እኔም እንዳለሁ ነኝ። በቤቴ ስም የማወጣ እኔ ነኝ። ምንዋጋው! ኑሪያ ዑስማን ብለህ ጻፍ!»

«ብርሃኔ!» የሚል ድምፅ አጥሩን ተሻግሮ ገባ። አቶ ገብረ አማኑኤል ናቸው። «ብርሃኔ ነው ስሟ! በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች!»

«ኑሪያ!»

«ብርሃኔ!»

«አባዬ» አለች ዓሲያ ከውስጥ። «ኑሪያ ምን ማለት ነው?»

«ብርሃን ነዋ!»

«የሳቸውም ብርሃን፣ የርስዎም ብርሃን። ታዲያ በጨለማ እንደሚደባደብ ሰው የምትገፋፉት ለምንድን ነው? እኔን የሚያንገበግበኝ የፊተኛው ስም አይደለም፤ የኋለኛው ነው። የልጄ አባት ዋሴ ነው። ቢሞትም ዋሴ ነበር።»

«በቤቴ አይሆንም አልኩ!»

«እሺ። እንግዲያው ከቤትዎ ውጭ ይወጣላታል።»

መጋረጃው ተገለጠ።

እውነት ለመናገር ዋሴ መጀመሪያ ያየው ፊቷን አይደለም። ጨርቁን ነው። ልጅቱ በአቡጀዲ ተጠቅልላለች፣ በዚያው በድንኳኑ፤ ጫፉ ደግሞ ትርፍ ሆኖ በዓሲያ ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ስንዝር። ከዚያ ፊቷን አየ፤ ከስቷል፣ ዓይኗ ተልቋል። በቀኝ እጇ ያንን የሱቅ መቀስ ይዛለች። አራስ ያለ ብረት ከቤት አትወጣም።

«ዋ! ዓሲያ!» እትዬ ሐሊሜ ጮኹ። «ገና ሰባት ቀንሽ'ኮ ነው! ፀሐይ ይመታሻል! ሕፃኗን ዓይን ይበላታል!»

«ስሟ ብርሃን ይሁን ብላችሁ ስትጣሉ ውላችሁ ፀሐይ አይንካት ትላላችሁ?»

በአባቷ ፊት ቆመች። «ጨርቅ ወደ ብርሃን አውጥተሽ አሳዪ፣ ደህናው ቀለም እዚያ ነው የሚለየው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይኸው አወጣሁት። ያልወደደ አይግዛ።»

ከዚያ ወደ ዋሴ ዞረች። ከዘጠኝ ወር በኋላ የመጀመሪያ ዓይን ለዓይን መተያየታቸው ነው። ዋሴ ለዚች ደቂቃ ስንት ቃል አዘጋጅቶ ነበር፣ በኩባው አፍ ሳይቀር!

«ምን ትገተራለህ?» አለችው። «እግርህ እስኪድን ልጠብቅህ?»

ተከተላት። ምንዋጋውም መዝገቡን ብብቱ ሥር አድርጎ ተከተለ፤ ሰውየው ከምንም በላይ ነገር ማየት ይወዳል። ከበሩ ሲወጡ ቀትሩ ግንባራቸው ላይ ወረደ። አራስ በቀትር! መንገዱ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቆመ። አንዷ እህል ሻጭ ፊቷን ሸፈነች፣ በጣቶቿ መሀል ግን ታያለች። ልጅቱ ፀሐይዋ ስትነካት ፊቷን እንደ ባልቴት ጨምደደችና አነጠሰች።

«ይማርሽ!» አሉ አቶ ገብረ አማኑኤል ከድንጋያቸው ተነስተው።

«ይማርሽ!» አሉ ሐጂ ዑስማን ከበሩ ውስጥ።

እኩል ነው የወጣቸው። ሁለቱም አፈሩ።

ዓሲያ አልቆመችም። «ጻፍ ምንዋጋው። እየሄድክ ጻፍ። ኢፍቱ።» ወደ ዋሴ ዞር ብላ አየችው። «አባቷ ያላያትን እኛ እንይለት።»

ዋሴ ራሱን ነቀነቀ። ልጅቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጣቱ ነካት። አፍንጫዋ እውነትም የሱ ነው፤ ምን ይደረግ።

«የአባት ስም?» አለ ምንዋጋው።

«ዋሴ» አለች ዓሲያ፤ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አድርጋ።

«የአያት ስምስ?»

«ባዶ ተወው።»

«ጓዲት ዓሲያ፣ ቅጹ ባዶ አይፈቅድም!»

«ተወው አልኩህ። ቤታችን ድረስ መጥቶ ያቀፋት ይጻፍበታል።»

እንዲህ እያሉ ሃያ እርምጃ ያህል ሄዱ። ከዚያ ፀሐይዋ ድንገት ጠፋች። ዋሴ ደመና መስሎት ቀና አለ። ደመና አይደለም፤ ጥቁር ጃንጥላ ነው። ሐጂ ዑስማን ነጠላ ጫማቸው በአንድ እግራቸው ብቻ፣ እያለከለኩ፣ ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው ከኋላ ጃንጥላ ይዘዋል።

«አልታረቅኋችሁም» አሉ። «ለልጅቱ ነው።»

«እሺ አባዬ» አለች ዓሲያ፤ ዞራ አላየችም።

«ወደ ግራ አድርገው» የሚል ድምፅ መጣ። አቶ ገብረ አማኑኤል በወዲያኛው በኩል ደርሰው ጋቢያቸውን እንደ መጋረጃ ይዘዋል። «ወደ ግራ! ዓይኗን መታት!»

«ጃንጥላ ይዘህ ታውቃለህ አንተ?»

«ጃንጥላ ባልይዝ ፀሐይ አላውቅም?»

«ጋቢህን ከፍ አድርገው እንግዲህ፣ አየር አሳጣሃት!»

ዋሴ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። ዓሲያ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። የጨርቅና የወተት ሽታ ሸተተው።

«ቤታችን የት ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ገና አልተከራየሁም።»

ዞር ብላ አየች። የአባቷ ክንድ ዝሏል፤ ጃንጥላው ግን ንቅንቅ አላለም። ስትመለስ ዓይኗ በእንባ ሞልቷል፣ ከንፈሯ ግን ይስቃል።

«እንግዲያው» አለችው፣ «እንዳይቀሩብን ቀስ ብለህ አንክስ።»